ከአጥሩ ወዲህ

እናቴ የዱቤ ደብተሯን የምታስቀምጠው ከጤፍ ጆንያው ጀርባ ነበር። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በዘይት የወዛ ደብተር። አንዱ ሲሞላ ሌላ ይገዛል፤ አሮጌው ግን አይጣልም። በየገጹ አናት ላይ ከስም በፊት ማዕረግ ይጻፋል። ሃምሳ አለቃ እገሌ። ሻምበል ባሻ እገሌ። የአሥር አለቃ እገሌ ባለቤት። ከሥሩ ስኳር፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ አንድ ኪሎ ምስር። ወር ሲሞላና ሲከፈል በላዩ ላይ መስመር ይሰመርበታል።

ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው። ያኔ ደብረ ዘይት ነበር የምንላት፤ ዛሬም የእኩዮቼ አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ያ ስም ነው። ሱቃችን ወደ አየር ኃይሉ ግቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበረች። እናቴ በ1964 ከፈተቻት። አባቴ በልጅነታችን ስለሞተ ያሳደገችን ያቺ ሱቅ ናት። ሱቋን ደግሞ ያቆማት የወታደሩ ደሞዝ ነው።

ከወሩ 20ኛ ቀን በኋላ ከተማው ይቀዘቅዛል። ሥጋ ቤቱ አንድ በሬ ለሁለት ቀን ይሸጣል። ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሳቸውን ዛፍ ጥላ ሥር አቁመው ያንቀላፋሉ። ደሞዝ የወጣ ዕለት ግን ሌላ አገር ነው። ልብስ ሰፊው እስከ ምሽት መኪናውን ሲረግጥ ይሰማል። ጠጅ ቤቱ ይሞላል። እናቶች ለልጅ ጫማ ሊገዙ ይወጣሉ። የእናቴ እቁብ ራሱ የሚጣለው በዚያ ቀን ነበር። እቁብተኞቹ ውስጥ ወታደር አልነበረም። ጠላ ሻጭ፣ መምህር፣ የጋሪ ባለቤት ናቸው። ግን ሁሉም ያውቁታል፤ በዚያ ሳምንት ካልተሰበሰበ አይሰበሰብም።

ከአየር ኃይሉ በፊት ቦታዋ በውሃዋ ነበር የምትታወቀው። በኦሮምኛ ቢሻን ውሃ ነው። ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው። ዙሪያው የአድአ ጤፍ አገር ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ በዚህ በኩል አልፎ ነው። ስለዚህ ባቡር የሚቆምባት፣ ጤፍ የሚጫንባት አነስተኛ ጣቢያ ነበረች። አፄ ኃይለ ሥላሴም አየሯን ወደው በሐይቁ ዳር ቤተ መንግሥት ሠሩ። ስሙን ፌርፊልድ አሉት፤ በስደት ዘመናቸው እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ከኖሩበት ቤት የወሰዱት ስም ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉን እንደገና የማቋቋሙ ሥራ ለስዊድኖች ተሰጠ። መሪያቸው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር። በወረራው ጊዜ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረው ሰው ነው። በ1938 ገደማ ተመልሶ መጣና ቢሾፍቱ ላይ ሥራ ጀመረ። ሳፊር የሚባለው ማሠልጠኛና ሳብ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች መጡ። ፎን ሮዘን በሐምሌ 1969፣ የሶማሊያ ጦርነት ሲፋፋም፣ በእርዳታ ሥራ ላይ እያለ ጎዴ ላይ ተገደለ። በልጅነቴ ሽማግሌዎቹ ቴክኒሻኖች «ካውንቱ» እያሉ ሲያነሡት እሰማ ነበር።

ከአውሮፕላኑ ይልቅ ለከተማዋ የጠቀማት ስዊድኖቹ በግቢው የጀመሩት የሙያ ትምህርት ቤት ይመስለኛል። አንድ አብራሪ ወደ ሰማይ እንዲወጣ መሬት ላይ ስንት ሰው ያስፈልጋል? ሞተር የሚፈታ አለ። ሬዲዮ የሚጠግን፣ ጎማ የሚፈትሽ፣ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ፣ ፓራሹት የሚያጥፍ፣ ነዳጅ የሚሞላ፣ ወጥ የሚሠራ አለ። እነዚህ ሁሉ ሙያ ይማራሉ። ደሞዝ አላቸው። ሚስት ያገባሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ።

ሌላም ልዩነት አለ። እግረኛ ጦር ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ትእዛዝ ሲመጣ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። ማኮብኮቢያ ግን አይነቀልም። አብራሪው በዚያ ዘመን ለወራት አሥመራ ወይም ድሬዳዋ ሊመደብ ይችል ነበር፤ ቤተሰቡ ግን ቢሾፍቱ ይቀመጣል። ስለዚህ ቤት ይሠራል። ልጁ አንድ ትምህርት ቤት ከአንደኛ ክፍል እስከ መጨረሻው ይማራል። የእድር አባል ይሆናል። ብዙ የጦር ሠፈር ከተሞችን አይቻለሁ። ሠራዊቱ ሲሄድ የተዘጋ ቡና ቤትና ባዶ የቆርቆሮ አዳራሽ ብቻ የቀረባቸው አሉ። ቢሾፍቱ እንደዚያ ያልሆነችው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የከተማዋን የድሮ ግቢዎች ያየ ሰው ይህን በዓይኑ ያነበዋል። ፊት ለፊት የባለቤቱ ቤት አለ። ከኋላ በአንድ ረድፍ አራት ወይም አምስት ክፍሎች ተደርድረዋል። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ የጋራ ቧንቧ። በግቢው ውስጥ መኖሪያ ያልደረሰው ወታደር የሚከራያቸው ክፍሎች ናቸው። ስንት መበለት በእነዚያ ክፍሎች ልጅ አስተምራለች። እኛም ሁለት ነበሩን። አንዱ ውስጥ የጎጃም ሰው፣ ሌላው ውስጥ የወላይታ ሰው ከነሚስቱ ይኖር ነበር። ጎረቤታችን ኤርትራዊ ነው። እናቴ ራሷ የመንዝ ሰው ናት፤ ኦሮምኛ የለመደችው ገበያ ቀን ከአድአ ገበሬዎች ጤፍ ስትገዛ ነው። አየር ኃይሉ ከአገሩ ሁሉ ሰው ስለሚሰበስብ ሠፈራችን እንዲህ የተቀላቀለ ሆነ። ልጅ ሆኜ ይህ የትም ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር።

የውጭ አገር ሰዎችም ይቀያየሩ ነበር። ከስዊድኖቹ በኋላ አሜሪካኖች ኤፍ-86ና ኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶችን ይዘው መጡ። ከ1969 በኋላ ደግሞ ሶቪየቶች ሚግ ይዘው መጡ። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ የሞተር ቴክኒሻን ነበር። ሙያውን በእንግሊዝኛ ማኑዋል ተምሮ በሩሲያኛ ማኑዋል ሠራ። ጎልማሳ ሆኖ አዲስ ፊደል ሲያጠና አስታውሳለሁ። ማታ ማታ በኩራዝ።

ገንዘቡ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ማየት የጀመርኩት ትንሽ ከፍ ስል ነው። የሠራዊቱ ስንቅ በከባድ መኪና ከአዲስ አበባ ተጭኖ በሱቃችን ፊት ያልፍ ነበር። ጤፉ፣ በርበሬው፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ። የሚገዛው በጅምላ ከላይ ነው። የአድአ ገበሬ ጤፉን ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው አዲስ አበባ ይወስዳል፤ ከዚያ ምናልባት ያው ጤፍ ተመልሶ በዚያው መንገድ ወደ ግቢው ይገባል። ትልቁ ግዥ ለከተማዋ ጠብ አይልላትም። ለእሷ የሚደርሳት ወታደሩ በኪሱ ይዞ ከበሩ የሚወጣው ብቻ ነው። ዛሬም ስለ ካምፕ ጥቅም ሲነገር ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ይቆጨኛል። ከበጀቱ መጠን በፊት መጠየቅ ያለበት ከበሩ የሚወጣው ስንት እንደሆነ ነው።

በኪስ የሚወጣውም ቢሆን ጣጣ አለው። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮች አመፁ። ምግባቸው የማይበላ፣ የውሃ ፓምፓቸው የተበላሸ ነበር፤ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሉ። ጉዳዩን ሊያዩ የተላኩትን ሌተናል ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው የራሳቸውን ምግብ እንዲበሉ አደረጓቸው። በየካቲት እሳቱ ደብረ ዘይት ደረሰ። የአየር ኃይሉ ባለሌላ ማዕረጎች አምፀው ደሞዝ ይጨመርልን አሉ። መንግሥትም የሠራዊቱን ደሞዝ ጨመረ። የታሪክ መጻሕፍት ከዚህ ተነሥተው ወደ አብዮቱ ይሄዳሉ። እናቴ የምታስታውሰው ግን ሌላ ነው። ጭማሪው በተሰማ በሳምንቱ የቤት ኪራይ ተጨመረ። ቅቤም ተጨመረ። ጋሪ ነጂውና የቀን ሠራተኛው ምንም አልተጨመረላቸውም፤ ግን የሚከራዩት ያንኑ ክፍል፣ የሚገዙት ያንኑ ቅቤ ነው። በአንድ ደመወዝተኛ የምትኖር ከተማ ውስጥ ያ ደመወዝ የሌለው ሰው ሁሌም እንግዳ ነው።

አጥሩም አለ። ግቢው ሰፊ ነው። ማኮብኮቢያ ሜዳ ይፈልጋል፣ ሜዳው ደግሞ የአንድ ሰው እርሻና የከብት መሰማሪያ ነበር። በእኛ ልጅነት ከብት ጠባቂዎች አጥሩን ተከትለው ረጅም ዙሪያ ሲዞሩ እናያቸዋለን። ወደ ሐይቅ መውረድም እንዲሁ በዙሪያ ነበር፤ ዳርቻው እዚህም እዚያም የታጠረ ነው። በዓመት አንድ ቀን ግን ማንም የማይዘጋው መንገድ ነበር። የኢሬቻ ዕለት። ከየአቅጣጫው ሰው ለምለም ሣር ይዞ ወደ ሆራ አርሰዲ ይጎርፋል። እናቴ በዚያ ቀን የምትሸጠው ከደሞዝ ቀን ይበልጥ ነበር። ሐይቁ ከአጥሩም፣ ከቤተ መንግሥቱም፣ ከባቡሩም የቀደመ መሆኑን የገባኝ ያን ሕዝብ ሳይ ነው።

ድምፁን መግለጽ ይከብደኛል። አውሮፕላን ሲነሣ መምህራችን ጠመኔዋን እንደያዘች ቆማ ትጠብቃለች። ድምፁ ሲያልፍ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። የአብራሪ ልጆች ግን ያኔ ይቆጥሩ ነበር። ስንት ተነሣ፣ ስንት ተመለሰ። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ በደብተሯ ጥግ በእርሳስ ትንሽ ትንሽ መስመር ታሰምር ነበር። ሲመለሱ ትሰርዘዋለች። እናቴም፣ እሷም፣ ደብተራቸው ላይ መስመር ያሰምሩ ነበር ብዬ ያሰብኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ግንቦት 8 ቀን 1981 መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። የአየር ኃይሉ ዋና አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ በዚያ ሕይወታቸውን አጡ። በዓመቱ ሌሎች ጄኔራሎች ተረሸኑ። የከተማዋን ዝምታ መቼም አልረሳውም። ሰው ወደ ሱቅ ይመጣል፣ ዕቃውን ይወስዳል፣ አያወራም። ማን እንደታሰረ የሚታወቀው ሚስቱ የአንድ ወር ዕዳዋን ሳትከፍል ስትቀር ነው። እናቴም አትጠይቅም። ደብተሩን ገልጣ ጻፈች፣ ዘጋች።

ከዚያ 1983 መጣ። ግንቦት ላይ ሁሉም ነገር በጥቂት ቀናት አለቀ። አንዳንድ አብራሪዎች አውሮፕላኖቻቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት አገር ሄዱ። የቀሩት እጃቸውን ሰጡ። አጎቴም ለተሃድሶ ካምፕ ገባ። በሰኔ ወር ደሞዝ የሚባል ነገር አልነበረም። አስቡት። ለአርባ ዓመት ያህል በየወሩ የመጣ ገንዘብ፣ በአንድ ወር ቀረ። መጀመሪያ የተዘጋው ልብስ ሰፊው ነው። ከዚያ ጠጅ ቤቱ። የኋላ ክፍሎቹ ባዶ ሆኑ፤ ሴቶች ፍራሽ በጋሪ ጭነው ወደየወላጆቻቸው አገር ሄዱ። መሰናበት የመጡም ነበሩ። «እትዬ፣ እግዜር ያውቃል፣ እልክልሻለሁ» ይላሉ። እናቴ ሁሉንም «ደህና ግቡ» ብላ ሸኘች። በክረምቱ አጋማሽ የአንገት ሐብሏን ሸጠች። መስከረም ላይ ሱቁን ዘግታ ደጃፉ ላይ ቆሎ መሸጥ ጀመረች።

እኔ ያኔ 14 ዓመቴ ነበር። የከተማ ዕጣ በማያውቃት ሰው ጠረጴዛ ላይ ሊወሰን እንደሚችል የገባኝ በዚያ ክረምት ነው።

አጎቴ ከስምንት ወር በኋላ ተመለሰ። ከስቶ፣ ፂሙን አሳድጎ፣ በእጁ አንድ ፌስታል ይዞ። ሚግ ሞተር የሚፈታ ሰው መጀመሪያ የሠራው ሥራ የጋሪ ጎማ ነው። የአንድ ጎረቤት ጋሪ ኩሽኔታው ተሰብሮ ቆሞ ነበር። ከአሮጌ መኪና ያወጣውን አስተካክሎ ገጠመለት። ጋሪው ድምፅ ሳያሰማ ሄደ። በማግስቱ ሦስት ጋሪዎች ደጃችን ቆሙ። ቀጥሎ የእህል ወፍጮ ሞተር መጣ። ከዚያ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች የውሃ ፓምፕ አመጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ የእናቴ የተዘጋች ሱቅ ጋራዥ ሆነች።

እሱ ብቻ አልነበረም። ከእሱ ጋር ከነበሩት አንዱ ብየዳ ቤት ከፈተ። አንዱ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ሆነ። አንዱ ቶርኖ ላይ ለአዲስ አበባ ጋራዦች መለዋወጫ ይቀርጽ ነበር። ደሞዙ ከበሩ ጋር ቀረ። እጃቸው ግን አብሯቸው ወጣ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ስለ ጦር ሠፈርና ስለ ከተማ ሲወራ ሰው የሚቆጥረው ሱቁን፣ ኪራዩን፣ ቡና ቤቱን ነው። የእኛን ከተማ በዚያ ዓመት ከመሞት ያተረፋት ግን ስዊድኖቹ የጀመሩት ትምህርት ቤት ነው። የሰማይ ሙያ መሬት ላይ ወርዶ ወፍጮ አንቀሳቀሰ።

አጎቴ ልጆችን ያሠለጠነበትን መንገድ ልናገር። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ሰቅሎ የየዕቃውን ቅርፅ በነጭ ቀለም ሥሎበታል። መፍቻው፣ ካቻቢቴው፣ ፒንሳው እያንዳንዱ የራሱ ጥላ አለው። ሥራ ሲያልቅ ሁሉም ቦታው ይመለሳል። ባዶ ጥላ ካለ መኪናው አይወጣም። «ካቻቢቴ ሞተር ውስጥ ከተረሳ አውሮፕላን ይወድቃል» ይላቸዋል። ልጆቹ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፒክአፕ ነው» ይሉታል። «ውስጡ ሰው አይቀመጥም?» ብሎ ይመልሳል። ዛሬ በከተማዋ ውስጥ እኔ ብቻ የማውቃቸው አምስት ጋራዦች ያ ሰሌዳ አላቸው። ባለቤቶቹ አየር ኃይል ግቢ ገብተው አያውቁም።

ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በ1990 ሲጀመር የቀድሞ ሙያተኞች ተጠሩ። አጎቴም ተጠራ፣ ሄደ። ሱ-27 የሚባሉት የሩሲያ ተዋጊ ጄቶች መጡ። ኪራይ ተወደደ፣ የኋላ ክፍሎቹ እንደገና ሞሉ። ቡና ቤቶች በረድፍ ተከፈቱ። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ሥራ ያገኙት እዚያ ነው። ስለዚያ ዘመን የሚያስደስት ነገር መጻፍ አልችልም። የእድራችን ድንኳን ሳይታጠፍ የሚከርምበት ጊዜ ነበር። ከወታደሩም ከሴቶቹም ወጣት ቀበርን። በሽታው ስሙ አይጠራም ነበር። ከተማው አደገ የሚባለው በዚያው ዓመት ነው፤ ግን የማን ልጅ ዋጋውን እንደከፈለ ሠፈራችን ያውቃል።

ዛሬ ቢሾፍቱ በብዙ እግር ትቆማለች። አውሮፕላን የሚጠግነው ደጀን አቪዬሽን አለ። ታንክና ከባድ ተሽከርካሪ ሲጠግን የቆየው ፋብሪካ በ2002 በቀድሞው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥር ገብቶ አውቶቡስ ገጣጥሟል። አዲስ አበባ ላይ «ቢሾፍቱ» ሲባል ብዙ ሰው ከሐይቁ በፊት አውቶቡሱ ትዝ ይለዋል። የመከላከያ ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ አለ። ፈጣኑ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የቅዳሜና እሑድ እንግዳ፣ ሠርገኛና ስብሰባ ይጎርፋል። ደሞዝ በባንክ ይገባል፤ ወታደሩም በስልኩ ወደ ቤተሰቡ ይልካል። የደሞዝ ቀን ድምፅ አሁን አይሰማም።

ከአጥር ስለሚወጣ ዕውቀት ሳስብ አንድ ሌላ አጥር ትዝ ይለኛል። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከ1945 ጀምሮ እዚህ አለ። ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዝርያ በ1998 የወጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ስንቱ ገበሬ ይዘራዋል። ዘሩ በበሩ ወጥቶ ማሳ ገባ። የሠራዊቱ ወርክሾፕና ኮሌጅ በርም እንዲሁ ቢከፈት እመኛለሁ። ወታደራዊ ምሥጢር እንዳለ አውቃለሁ፣ አከብራለሁም። ብየዳ ግን ምሥጢር አይደለም። ቶርኖም አይደለም። በ1983 ሙያው የወጣው በሽንፈት ነው፤ ሰዎቹ ተባረው። በሰላም ጊዜ፣ በፈቃድ፣ ለሠፈሩ ልጅ በሚሰጥ የማታ ኮርስ ቢወጣ ምን ነበረበት?

አሁን ደግሞ በአቡሴራ በኩል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትልቁ አየር ማረፊያ እየመጣ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲጠናቀቅ በዓመት 100 ሚሊዮን ገደማ መንገደኛ እንዲያስተናግድ ነው የታቀደው። የወታደር አይደለም፤ ግን ጥያቄው ያው ነው። እርሻው የሚነሣበት ገበሬ ልጅ በዚያ በር ምን ይዞ ይገባል? ጠባቂ ሆኖ ብቻ ነው? አጎቴ 70 አልፎታል፤ ይህን ከእኔ በፊት አስቦበታል። የጋራዡን ታናሽ ልጅ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ያስጠናዋል። ማኑዋል እንዲያነብ።

ባለፈው ፋሲካ ቤት ሄጄ ደብተሮቹን አወጣኋቸው። እናቴ አሁን ዓይኗ ደክሟል። የ1983ቱን ገለጥኩት። ከሚያዝያ ጀምሮ መስመር ያልተሰመረባቸው 43 ገጾች ናቸው። ስኳር። ላምባ። ሳሙና። የልጅ ወተት። ስልኬን አውጥቼ ልደምረው ጀመርኩ። በዛሬው ብር ስንት እንደሚሆን ማወቅ ፈልጌ ነበር።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ስንት እንደቀረብሽ ላየው ነው።»

እጇን ዘርግታ ደብተሩን ወሰደችው። ገጹን በጣቷ ዳሰሰችና ስም እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። የሦስተኛው ስም ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«እሱስ ደህና ነው፤ ልጁ ካናዳ ናት ብለውኛል። ቀጥል።»

ማታ እስኪሆን አነበብኩላት። ድምሩን አልጠየቀችኝም።